«ሦስቱ ደንበኞች የት ገቡ?» ነል ያለበትን ዳታ በኩዌሪ የማወዳደር መመሪያ

በሳምንት ሁለት ሦስቴ የሚመጣልኝ ጥያቄ ነው። ድሬዳዋ፣ ከዚራ ዛፎቹ ሥር ሻይ ይዘን ስንቀመጥ ይጠይቁኛል፤ ማታ ደግሞ በቴሌግራም ስክሪንሾት ይልኩልኛል። የሚጠይቁኝ የሱቅና የመጋዘን ዳታ የሚይዙ ልጆች ናቸው። ቃሉ ይለያይ እንጂ ነገሩ አንድ ነው፦ «የሳቢያን ሰፈር ደንበኞችን ቆጠርኩ፣ አራት ናቸው። ሳቢያን ያልሆኑትን ቆጠርኩ፣ ሦስት ናቸው። ጠቅላላው ግን አሥር ነው። ሦስቱ የት ገቡ?»

ዳታው አልጠፋም። ዳታቤዙም አልተበላሸም። የሦስቱ ሰዎች ሰፈር ስላልተመዘገበ ኮለሙ ላይ ነል፣ ማለትም «አይታወቅም» የሚል ምልክት፣ አለ፤ ነል ያለበት ረድፍ ደግሞ በኩዌሪ (ለዳታቤዙ በምትጽፉለት ጥያቄ) «እኩል ነው» ብላችሁ ስትጠይቁም «እኩል አይደለም» ብላችሁ ስትጠይቁም አይመጣም። እዚህ ደረጃ በደረጃ ላሳያችሁ። እያነበባችሁ ሞክሩት፤ ውጤቱን በዓይናችሁ ካላያችሁት በሁለተኛው ቀን ትረሱታላችሁ።

የሚያስፈልጉ ነገሮች

- ኮምፒውተር።
- ፖስትግሬስ ወይም ኤስኪውኤላይት የሚባል የዳታቤዝ ፕሮግራም። ለልምምድ ኤስኪውኤላይት ይበቃል፤ አንዴ ካወረዳችሁት ኢንተርኔት ቢቋረጥም ይሠራል። በማይ ኤስኪውኤል፣ በኤስኪውኤል ሰርቨር ወይም በኦራክል የምትሠሩም ተከተሉኝ፤ የነል አያያዛቸው በዋናነት የሚለያይበት ቦታ ስንደርስ እናገራለሁ፤ የመለማመጃ ዳታው አጻጻፍ ግን ለፖስትግሬስና ለኤስኪውኤላይት ነው።
- የመለማመጃ ዳታ። ከታች አለላችሁ።
- ወረቀትና እስክሪብቶ። የጠቅላላውን ቁጥር መጀመሪያ የምትጽፉበት ነው። ቀላል ነገር ይመስላል፤ ግን ስህተቱን የሚያጋልጠው እሱ ነው።

ትእዛዞቹን እንደምንጠራቸው በፊደላችን ጽፌያቸዋለሁ። ስትሞክሩ በእንግሊዝኛ ፊደል ጻፏቸው። የኮለምና የሰፈር ስሞቹን እንደፈለጋችሁ፤ ተርሚናላችሁ የግእዝ ፊደልን በትንንሽ ሳጥን ካሳያችሁ እነሱንም በእንግሊዝኛ ፊደል ብታደርጓቸው ውጤቱ ያው ነው።

ማስጠንቀቂያ፦ በመሥሪያ ቤት ዳታ ላይ አትለማመዱ። በተለይ ኖት ኢን (7ኛው ደረጃ ላይ እናየዋለን) ያለበትን ዲሊት (መሰረዣ) ወይም አፕዴት (መቀየሪያ) ሳትፈትኑ አታስኬዱ። ግዴታ ከሆነባችሁ መጀመሪያ ባክአፕ ያዙ። ቀጥሎ በቢጊን ጀምሩና ስንት ረድፍ እንደተነካ አይታችሁ ኮሚት (ይጽና) ወይም ሮልባክ (ወደነበረበት ይመለስ) በሉ።

1. ዳታውን ፍጠሩ

ክሬት ቴብል ደንበኛ (ቁጥር ኢንቲጀር, ሰፈር ቴክስት, ቅናሽ ኢንቲጀር);

ኢንሰርት ኢንቱ ደንበኛ ቫልዩስ
(1, 'ሳቢያን', 50),
(2, 'ከዚራ', 0),
(3, 'ሳቢያን', ነል),
(4, 'መጋላ', 100),
(5, ነል, 50),
(6, 'ሳቢያን', 0),
(7, 'ለገሃሬ', ነል),
(8, ነል, 100),
(9, 'ሳቢያን', ነል),
(10, ነል, 0);

ክሬት ቴብል ክፍያ (የደንበኛ_ቁጥር ኢንቲጀር, መጠን ኢንቲጀር);

ኢንሰርት ኢንቱ ክፍያ ቫልዩስ
(1, 700), (2, 300), (4, 1200), (6, 450), (ነል, 250);

ነል የሚለውን በጥቅስ ውስጥ እንዳታስገቡት። በጥቅስ ከጻፋችሁት ተራ ጽሑፍ ይሆናል፤ ዳታቤዙም «ነል የሚባል ሰፈር አለ» ብሎ ይይዘዋል።

5፣ 8 እና 10 ቁጥር ደንበኞች ሰፈር የላቸውም። አንዱ ከሐረር ለአንድ ቀን ወርዶ ዕቃ ጭኖ የተመለሰ ነጋዴ ሊሆን ይችላል፤ አንዱን መዝጋቢው ቸኩሎ ዘሎት ይሆናል። ቅናሹ ላይ ደግሞ 0 እና ነል ለየቅል መሆናቸውን ልብ በሉ። 0 ማለት «ተነጋግረናል፣ ቅናሽ የለውም» ነው። ነል ማለት «ገና አልተነጋገርንም» ነው።

2. ነሉ በዓይን እንዲታይ አድርጉ

የፖስትግሬስ ተርሚናል ነልን ምንም ሳይጽፍ ባዶ አድርጎ ነው የሚያሳየው። ባዶ ጽሑፍንም እንደዚያው። ስለዚህ ሁለቱን በዓይን መለየት አይቻልም። ይቺን ጻፉ፦

\ፒሴት ነል '[ነል]'

በኤስኪውኤላይት ደግሞ፦

.ነልቫልዩ '[ነል]'

ይሄን ደረጃ ብዙ ሰው ይዘለዋል። አትዝለሉት። የማታዩትን ነገር ስትፈልጉ ነው ግማሽ ቀን የሚያልፈው።

3. ሦስት ጊዜ ቁጠሩ

ሴሌክት ካውንት(*) ፍሮም ደንበኛ;
ውጤት፦ 10። ወረቀቱ ላይ ጻፉት።

ሴሌክት ካውንት(*) ፍሮም ደንበኛ ዌር ሰፈር = 'ሳቢያን';
ውጤት፦ 4

ሴሌክት ካውንት(*) ፍሮም ደንበኛ ዌር ሰፈር <> 'ሳቢያን';
ውጤት፦ 3

ጎደለ። አሁን ብዙ ሰው የሚሞክረውን ሞክሩ፦

ሴሌክት ካውንት(*) ፍሮም ደንበኛ ዌር ሰፈር = ነል;
ውጤት፦ 0

ስህተት አላለም። ኩዌሪው በሰላም አለቀ፣ ዜሮ መለሰ። አደገኛነቱም እዚህ ላይ ነው፤ ቀይ ጽሑፍ ቢያወጣ ኖሮ ሰው ቆም ብሎ ያይ ነበር። ትክክለኛው ይሄ ነው፦

ሴሌክት ካውንት(*) ፍሮም ደንበኛ ዌር ሰፈር ኢዝ ነል;
ውጤት፦ 3

4 እና 3 እና 3፣ አሥር። ገጠመ። ነል ሊኖርበት በሚችል ኮለም ላይ ኩዌሪ በጻፋችሁ ቁጥር ይሄን ድምር ሥሩት፦ እኩል የሆኑት፣ እኩል ያልሆኑት፣ ነል የሆኑት። አንድ ደቂቃ አይፈጅም።

4. ለምን እንደዚህ እንደሚሆን ያዙ

ይሄ ከገባችሁ የቀረው ሁሉ ይቀላል፤ ስለዚህ እዚህ ላይ ትንሽ ቆዩልኝ።

ነል ዜሮ አይደለም። ባዶ ጽሑፍም አይደለም። «አይታወቅም» ማለት ነው። አሁን ሁለት ደንበኞች አሉ እንበል፤ የሁለቱንም ስልክ አታውቁትም። አንድ ሰው መጥቶ «የሁለቱ ስልክ አንድ ነው?» ቢላችሁ ምን ትመልሳላችሁ? «አዎ» አትሉም። «አይደለም»ም አትሉም። «እኔ ምን አውቄ» ነው የምትሉት። ዳታቤዙም የሚለው ይሄንኑ ነው። ነል = ነል ስትሉት መልሱ እውነትም ሐሰትም ሳይሆን «አይታወቅም» ነው። ነል <> ነል ስትሉትም እንደዚያው።

ዌር ደግሞ የሚያሳልፈው መልሱ እውነት የሆነውን ረድፍ ብቻ ነው። ሐሰት የሆነውን ይጥላል፤ አይታወቅም የሆነውንም ይጥላል። ሦስቱ ደንበኞች የወደቁት በዚህ ምክንያት ነው።

አራት ነገር በቃላችሁ ያዙ፦

- ኖት አይታወቅም፣ ያው አይታወቅም ነው። ስለዚህ ኖት (ሰፈር = 'ሳቢያን') ብትሉም ሦስቱ አይመለሱም።
- እውነት ኤንድ አይታወቅም፣ አይታወቅም ነው።
- ሐሰት ኤንድ አይታወቅም፣ ሐሰት ነው። አንዱ ሐሰት ከሆነ ሌላው ምንም ይሁን ምን ለውጥ አያመጣም።
- እውነት ኦር አይታወቅም፣ እውነት ነው። አንዱ እውነት ከሆነ በቂ ነው።

5. የማይታወቁት የት ይግቡ? እናንተ ወስኑ

ይሄን ዳታቤዙ አይወስንላችሁም። ሥራውን የሚያውቀው ሰው ነው የሚወስነው። «ሳቢያን ላልሆኑት ደንበኞች የማድረሻ ሒሳብ እንጨምር» ከተባለ፣ ሰፈሩ የማይታወቀው ሰው ይጨመርበት ወይስ አይጨመርበት? ባለሱቁን ጠይቁት። ከገቡ ኩዌሪው እንደዚህ ይሆናል፦

ሴሌክት * ፍሮም ደንበኛ
ዌር ሰፈር <> 'ሳቢያን' ኦር ሰፈር ኢዝ ነል;
ውጤት፦ 6 ረድፍ

ሌላ ሁኔታ በኤንድ ካከላችሁ የኦሩን ክፍል በቅንፍ ዝጉት። ኤንድ ከኦር በፊት ስለሚሠራ ያለ ቅንፍ ያላሰባችሁት ሰው ይገባል።

ኮአለስም መጠቀም ይቻላል፦ ዌር ኮአለስ(ሰፈር, 'አይታወቅም') <> 'ሳቢያን'። ኮአለስ ከተሰጡት ውስጥ ነል ያልሆነውን የመጀመሪያውን ይመልሳል። አጭር ነው፣ ለማንበብም ይመቻል። ሁለት ነገር ግን ተጠንቀቁ። አንደኛ፣ የመረጣችሁት መተኪያ በእውነተኛው ዳታ ውስጥ መኖር የለበትም። ለስልክ '0' ብላችሁ ብትተኩና አንዱ መዝጋቢ ስልክ ለሌለው ሰው በእጁ '0' ሲጽፍ ከከረመ፣ ሁለቱ ይደባለቃሉ። ሁለተኛ፣ ኮለሙን በፈንክሽን ስትጠቀልሉት ኮለሙ ላይ ያለው ተራ ኢንዴክስ (ፍለጋ የሚያፋጥነው ማውጫ) አብዛኛውን ጊዜ አያገለግልም። በአሥር ረድፍ አይታወቅም፤ ረድፉ ሚሊዮን ሲገባ ግን ትጠብቃላችሁ።

6. ሁለት ኮለም ስታወዳድሩ

ከሁሉ በላይ የምጠየቀው ይሄ ነው። አሮጌ የስልክ ዝርዝር አለ፣ አዲስ ተሰብስቧል፣ የተቀየረውን ማውጣት ይፈለጋል። ለማሳጠር ስልኩን ሁለት አሃዝ አድርጌዋለሁ፦

- ደንበኛ 1፦ አሮጌው 11፣ አዲሱ 11
- ደንበኛ 2፦ አሮጌው 22፣ አዲሱ 23
- ደንበኛ 3፦ አሮጌው ነል፣ አዲሱ 33
- ደንበኛ 4፦ አሮጌው ነል፣ አዲሱ ነል
- ደንበኛ 5፦ አሮጌው 55፣ አዲሱ ነል

ዌር አሮጌ <> አዲስ ካላችሁ የሚመጣው ደንበኛ 2 ብቻ ነው። ደንበኛ 3 ስልክ አውጥቷል፣ አልታየም። ደንበኛ 5 ስልኩ ተሰርዟል፣ እሱም አልታየም። ማታ ማታ ዳታ የሚያመሳስል ስክሪፕት የጻፈ ልጅ ስክሪፕቱን እንደዚህ ከጻፈው አዲስ የገቡ ስልኮች በሙሉ ሳይተላለፉ ይቀራሉ፤ ለወራት ማንም ላያውቅ ይችላል።

የምትፈልጉት ነልን እንደ አንድ ነገር ቆጥሮ የሚያወዳድር ትእዛዝ ነው፦

ዌር አሮጌ ኢዝ ዲስቲንክት ፍሮም አዲስ

ይሄ 2፣ 3 እና 5ን ያመጣል። ደንበኛ 4 ሁለቱም ነል ስለሆነ «አልተቀየረም» ይባላል። ተቃራኒውን፣ ማለትም አንድ ዓይነት የሆኑትን ከፈለጋችሁ ኢዝ ኖት ዲስቲንክት ፍሮም ነው። ስሙ ትንሽ ያደናግራል፤ «ኖት» ሲኖር እኩል ማለት ነው። ስትጽፉት አንዴ ደግማችሁ እዩት።

የት ይሠራል? ፖስትግሬስ ላይ ይሠራል። ኤስኪውኤል ሰርቨር ላይ ከ2022ቱ ቨርዥን ጀምሮ፣ ኤስኪውኤላይት ላይ ከ3.39 ጀምሮ አለ። ከዚያ በፊት ባለው ኤስኪውኤላይት አሮጌ ኢዝ ኖት አዲስ ብላችሁ ጻፉ፣ ያው ነው። ማይ ኤስኪውኤል የራሱ ምልክት አለው፤ <=> ነልን ከነል ጋር እኩል ያደርጋል። ስለዚህ የተቀየሩትን ለማግኘት፦

ዌር ኖት (አሮጌ <=> አዲስ)

ከእነዚህ ውጪ ከሆናችሁ ረጅሙ መንገድ ሁሉም ጋ ይሠራል፦

ዌር አሮጌ <> አዲስ
ኦር (አሮጌ ኢዝ ነል ኤንድ አዲስ ኢዝ ኖት ነል)
ኦር (አሮጌ ኢዝ ኖት ነል ኤንድ አዲስ ኢዝ ነል)

ይረዝማል። ግን አይሳሳትም።

7. ኖት ኢን ስታዩ ቆም በሉ

ቀፊራ አካባቢ ላለ አንድ መጋዘን ያልከፈሉ ደንበኞችን ዝርዝር አውጣ ተባልኩ። በኖት ኢን ጻፍኩት። ዜሮ ረድፍ መጣ። «ሁሉም ከፍለዋል» የሚል ወረቀት አትሜ ለባለቤቱ ሰጠኋቸው። ሐጂ መነጽራቸውን አውርደው ወረቀቱን አዩትና «አንተ ልጅ፣ ይሄማ አይሆንም። ትናንት ብቻ ለሦስት ሰው በዱቤ ሰጥቻለሁ» አሉኝ። ጠረጴዛቸው ላይ ያለውን የዱቤ ደብተር ከፍተው በጣታቸው አሳዩኝ። ልክ ነበሩ። ክፍያ ቴብሉ ውስጥ ቁጥር ያልተሰጠው አንድ መንገደኛ የከፈለው ጥሬ ገንዘብ ነበር፤ የደንበኛ ቁጥሩ ነል። ያቺ አንዲት ረድፍ ዝርዝሩን በሙሉ አጠፋችው።

በእኛ ዳታ ሞክሩት፦

ሴሌክት * ፍሮም ደንበኛ
ዌር ቁጥር ኖት ኢን (ሴሌክት የደንበኛ_ቁጥር ፍሮም ክፍያ);
ውጤት፦ 0 ረድፍ

ለምን? ኖት ኢን ማለት «ከ1 ይለያል፣ ኤንድ ከ2 ይለያል፣ ኤንድ ከ4 ይለያል፣ ኤንድ ከ6 ይለያል፣ ኤንድ ከነል ይለያል» ማለት ነው። የመጨረሻው ሁልጊዜ «አይታወቅም» ነው። ደንበኛ 3ን ውሰዱ፤ አራቱን እውነት ብሎ አልፎ አምስተኛው ላይ «አይታወቅም» ይሆናል። እውነት ኤንድ አይታወቅም፣ አይታወቅም ነው ብለን የለ? ወደቀ። ደንበኛ 1 ደግሞ ገና መጀመሪያው ላይ ሐሰት ነው። ስለዚህ ማንም አያልፍም።

ትክክለኛው አጻጻፍ፦

ሴሌክት * ፍሮም ደንበኛ ደ
ዌር ኖት ኢግዚስትስ (
ሴሌክት 1 ፍሮም ክፍያ ክ
ዌር ክ.የደንበኛ_ቁጥር = ደ.ቁጥር);
ውጤት፦ 6 ረድፍ (3፣ 5፣ 7፣ 8፣ 9፣ 10)

ኖት ኢግዚስትስ የሚጠይቀው «የሚገጥም ረድፍ አለ ወይስ የለም?» ብቻ ነው። ነሏ ረድፍ ከማንም ጋር ስለማትገጥም ማንንም አትጎዳም። በንዑስ ኩዌሪው ውስጥ ዌር የደንበኛ_ቁጥር ኢዝ ኖት ነል መጨመርም ይሠራል፤ ግን አንድ ቀን ይረሳል። እኔ ኖት ኢንን የምጠቀመው በእጄ የጻፍኩት ዝርዝር ላይ ብቻ ነው። ኢን ያለ ኖት ከሆነ ይሄ ችግር የለበትም፤ የሚገጥመውን ያገኛል።

8. ሌፍት ጆይን ላይ ሁኔታውን የት እንደምታስቀምጡ እዩ

ሌፍት ጆይን የግራውን ቴብል ረድፎች በሙሉ ይይዛል፤ ከቀኙ የሚገጥም ካለ አጠገቡ ያመጣል፣ ከሌለ ነል ያደርጋል። ሁሉንም ደንበኞች፣ ከ500 ብር በላይ የከፈሉትን ደግሞ ከነክፍያቸው ማየት ፈለጋችሁ እንበል።

ሴሌክት ደ.ቁጥር, ክ.መጠን
ፍሮም ደንበኛ ደ ሌፍት ጆይን ክፍያ ክ
ኦን ክ.የደንበኛ_ቁጥር = ደ.ቁጥር
ዌር ክ.መጠን > 500;
ውጤት፦ 2 ረድፍ

አሥር መምጣት ነበረበት። ሌፍት ጆይን ያልከፈሉትን ሰዎች መጠኑን ነል አድርጎ አምጥቷቸው ነበር፤ ዌር ግን «ነል ከ500 ይበልጣል?» ብሎ ጠየቀና ጣላቸው። ሁኔታውን ወደ ኦን አስጠጉት፦

ኦን ክ.የደንበኛ_ቁጥር = ደ.ቁጥር ኤንድ ክ.መጠን > 500
ውጤት፦ 10 ረድፍ፤ 1 እና 4 ከነመጠናቸው፣ ሌሎቹ ነል

ልብ በሉ፤ ክፍያ ውስጥ ያለችው የነሏ 250 ብር በዚህ ዝርዝር ውስጥ የለችም። ነል በጆይንም ከማንም ጋር አትገጥምም። የብሩን ጠቅላላ ድምር ከዚህ ጆይን ላይ ከሠራችሁት ይጎድልባችኋል።

9. ድምርና አማካይ

ሴሌክት ካውንት(*), ካውንት(ቅናሽ), ኤቪጂ(ቅናሽ) ፍሮም ደንበኛ;
ውጤት፦ 10፣ 7፣ 42.86 አካባቢ

ካውንት(*) ረድፍ ይቆጥራል። ካውንት(ቅናሽ) ነል ያልሆነውን ብቻ ይቆጥራል። አማካይ የሚያወጣው ኤቪጂ ደግሞ 300ን ለ7 እንጂ ለ10 አያካፍልም። ኤቪጂ(ኮአለስ(ቅናሽ, 0)) ብትሉ 30 ይሆናል። የቱ ነው ትክክል? ጥያቄው ነው የሚወስነው። «ከተስማማንባቸው ሰዎች ጋር በአማካይ ስንት ቀነስን?» ከሆነ 42.86 ነው። «ለአንድ ደንበኛ በአማካይ ስንት ብር ወጣ?» ከሆነ 30 ነው። ሪፖርቱ ላይ የቱን እንደወሰዳችሁ ጻፉ።

በተራ ሒሳብም ተጠንቀቁ። 1000 - ቅናሽ ካላችሁና ቅናሹ ነል ከሆነ ውጤቱ ነል ነው። ደረሰኙ ላይ ዋጋው ባዶ ሆኖ ይወጣል። 1000 - ኮአለስ(ቅናሽ, 0) በሉ።

10. ስትደረድሩ ነሉ ከላይ ነው ከታች?

«ብዙ ቅናሽ ያላቸውን ሦስት ደንበኞች አውጣ» ተባላችሁ። ኦርደር ባይ ቅናሽ ዴስክ ሊሚት 3 ጻፋችሁ፤ ከትልቁ ወደ ትንሹ ደርድረህ ሦስቱን አምጣ ማለት ነው። ፖስትግሬስ ላይ የሚመጡት 3፣ 7 እና 9 ናቸው፤ ሦስቱም ነል! ፖስትግሬስና ኦራክል ነልን ከሁሉ እንደሚበልጥ አድርገው ይደረድሩታል። ማይ ኤስኪውኤል፣ ኤስኪውኤላይትና ኤስኪውኤል ሰርቨር ደግሞ ከሁሉ እንደሚያንስ። ያው ኩዌሪ ከአንዱ ወደ ሌላው ሲሄድ መልሱ ይለወጣል።

በፖስትግሬስ፣ በኦራክልና ከ3.30 ወዲህ ባለው ኤስኪውኤላይት ነልስ ላስት መጨመር ይበቃል፦

ኦርደር ባይ ቅናሽ ዴስክ ነልስ ላስት

ማይ ኤስኪውኤል ይሄን አያውቅም። እዚያ ኦርደር ባይ ቅናሽ ኢዝ ነል, ቅናሽ ዴስክ ብላችሁ ጻፉ።

11. ስም ስታገጣጥሙ

እኛ ጋ ስም፣ የአባት ስም፣ የአያት ስም ነው። አያት ብዙ ጊዜ አይሞላም። ስም || ' ' || የአባት_ስም || ' ' || የአያት_ስም ብላችሁ ከጻፋችሁ አያቱ ያልተሞላለት ሰው ሙሉ ስሙ ነል ይሆናል። ስሙም የአባቱም ስም ይጠፋል። ፖስትግሬስና ኤስኪውኤላይት እንደዚህ ናቸው። ኦራክል ነሉን ይዘለዋል። ማይ ኤስኪውኤል ላይ || ጭራሽ ማገጣጠም አይደለም፤ ካልቀየሩት በስተቀር ኦር ማለት ነው።

መፍትሔው፦ ኮንካት_ደብሊውኤስ(' ', ስም, የአባት_ስም, የአያት_ስም)። በመሃል ክፍተት እያስገባ ይሄዳል፣ ነሉን ይዘላል። ፖስትግሬስና ማይ ኤስኪውኤል ላይ አለ፤ ኤስኪውኤል ሰርቨር ላይ ከ2017ቱ ጀምሮ። ከሌላችሁ ስም || ኮአለስ(' ' || የአያት_ስም, '') ዓይነቱን ተጠቀሙ። ክፍተቱ ኮአለሱ ውስጥ መግባቱን አስተውሉ፤ ውጪ ከሆነ አያት የሌለው ስም መጨረሻው ላይ የማይታይ ክፍተት ይቀራል።

12. ከምንጩ አጽዱ

ከኤክሴል የመጣ ዳታ ውስጥ «የለም»፣ «-»፣ ባዶ ጽሑፍ፣ አንዲት ክፍተት ብቻ፣ ሁሉም አለ። እነዚህ ነል አይደሉም፤ ኢዝ ነል አያገኛቸውም። ኦራክል ብቻ ባዶ ጽሑፍን ነል አድርጎ ይቆጥራል። «የለም» እና «-»ን ለየብቻ ወደ ነል ቀይሯቸው። ባዶውንና ክፍተቱን ደግሞ ባክአፕ ከያዛችሁ በኋላ እንደዚህ አጽዱ፦

አፕዴት ደንበኛ ሴት ሰፈር = ነሊፍ(ትሪም(ሰፈር), '');

ትሪም ዳርና ዳሩን ያጸዳል፤ ነሊፍ የቀረው ባዶ ከሆነ ነል ያደርገዋል። እዚህ ሴት ሰፈር = ነል የሚመስል ነገር ብታዩ አትደንግጡ፤ አፕዴት ውስጥ = ማስቀመጥ እንጂ ማወዳደር አይደለም።

ከዚያ ነል ፈጽሞ ሊኖርበት የማይገባውን ኮለም ኖት ነል አድርጉት። የደንበኛ ቁጥር ከነዚህ አንዱ ነው። ስልክን ግን ኖት ነል አታድርጉት። ስልክ የሌለው ሰው ሲመጣ መዝጋቢው የሆነ ቁጥር ፈጥሮ ይጽፋል፤ የተፈጠረ ቁጥር ደግሞ ከነል የከፋ ነው፣ አይገኝም።

ብዙ ጊዜ የማያቸው ስህተቶች

- ኬዝ ሰፈር ዌን ነል ዜን... ብሎ መጻፍ። ውስጥ ውስጡን በ = ነው የሚያወዳድረው፤ መቼም አይሠራም። ኬዝ ዌን ሰፈር ኢዝ ነል ዜን... ይሁን።
- ዳታ ሲገባ የሚፈትሽ ቼክ (ቅናሽ <= 100) ካስቀመጥኩ ነል አይገባም ብሎ ማሰብ። ይገባል። ቼክ የሚከለክለው ሐሰት የሆነውን ብቻ ነው፤ «አይታወቅም» ያልፋል። ከዌር ጋር ተቃራኒ መሆኑን አስተውሉ።
- ግሩፕ ባይ እና ዲስቲንክትም እንደ = ይሠራሉ ማለት። አይሠሩም። እነሱ ነሎችን በአንድ ላይ ይሰበስባሉ። ግሩፕ ባይ ሰፈር ብትሉ ሦስቱ በአንድ ረድፍ ይመጣሉ።
- ኮለሙን ዩኒክ (የማይደገም) ስላደረግኩ ነል አንድ ብቻ ነው ማለት። ፖስትግሬስ፣ ማይ ኤስኪውኤልና ኤስኪውኤላይት ብዙ ነል ይፈቅዳሉ። ኤስኪውኤል ሰርቨር አንድ ብቻ። ፖስትግሬስ ከ15 ጀምሮ ነልስ ኖት ዲስቲንክት ብላችሁ እንዲከለክል ማድረግ ትችላላችሁ።
- ምንም ረድፍ ሳይኖር ሳም (ድምር) ዜሮ ይመልሳል ብሎ መጠበቅ። ነል ነው የሚመልሰው። ኮአለስ(ሳም(መጠን), 0) ይሁን።

ይሄን ሁሉ አይታችሁ ቁጥሩ አሁንም ካልገጠመ ጠይቁኝ፤ ደስ ይለኛል። ስትጠይቁኝ ግን ስክሪንሾት ብቻ አትላኩ። ኩዌሪውን በጽሑፍ፣ የዳታቤዙን ስምና ቨርዥን፣ ከዚያ በ3ኛው ደረጃ የቆጠራችኋቸውን አራት ቁጥሮች ላኩልኝ፦ ጠቅላላ፣ እኩል የሆኑት፣ እኩል ያልሆኑት፣ ነል የሆኑት።